ሠላሳ ስድስት ኪሎ

አበጀ በሙክት ሚዛን ሲለውጥ ያየ ሁሉ ያዘነው ለሙክቱ ነው። ሙክቱ ለፋሲካ የተቀለበ፣ ላቱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ነበር። ሚዛኑ ደግሞ አርብ ገበያ ላይ ቆዳ የሚሰበስብ አንድ ነጋዴ ሰለቸኝ ያለው ብረት ነው፤ ፊቱ እንደ ሰዓት ክብ፣ ከላይ ቀለበት፣ ከታች መንጠቆ። መንጠቆው ላይ ያንጠለጠልከውን ነገር ቀይዋ ቀስት ትነግርሃለች፣ እስከ ሃምሳ ኪሎ።

«ይሄ ነገር ይበላል?» አለችው ሚስቱ ታንጉ፣ ይዞት ሲገባ።

«አይበላም። የሚበላውን ይነግራል።»

«የሚበላውንማ እኔም እነግርሃለሁ። ለፋሲካ የምትበላው ሽሮ ነው።»

ነገሩን የጀመረው አስተማሪው ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ ገና የገቡበት ነው። ይሁኔ የሚባል፣ ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ልጅ፣ አስተማሪ ሆኖ ከደብረ ታቦር ተላከ። በአዘቦት ልጆቹን ያስተምራል፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረውን ገበሬ ሰብስቦ ያስቆጥራል። ገበሬው በሦስት ወር ፊደሉን ጨረሰው፣ ወይም ጨረስኩ አለ። ይሁኔ ታዲያ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይችል ልጅ ስለሆነ ሳይንስ ጀመረ።

«ቦታ የሚይዝና ክብደት ያለው ሁሉ ግዙፍ ነው» አለ አንድ እሑድ። «ድንጋይ ግዙፍ ነው። ውሃ ግዙፍ ነው። ነፋስም ግዙፍ ነው።»

«ነፋስ ረቂቅ ነው» አሉ መሪጌታ ቀለመወርቅ፣ አገጫቸውን ከመቋሚያቸው ላይ ሳያነሱ። መሪጌታ የደብሩ ባለ ቅኔ ናቸው፤ የሚመጡትም ልጁ ምን እንደሚቀባጥር ለመስማት ነው።

ይሁኔ ብርጭቆ አመጣ፣ ውስጡ ወረቀት ወተፈበት፣ አፉን ደፍቶ ገበታ ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ነከረው። ሲያወጣው ወረቀቱ ደረቅ ነው። «ውሃው ለምን አልገባም? ነፋሱ ቦታውን ስለያዘበት ነው።»

«እልኸኛ ስለሆነም ይሆናል» አሉ መሪጌታ።

ቀጠለና ዓለም የተሰራችባቸው መሠረታዊ ነገሮች ከመቶ በላይ ናቸው አለ። መሪጌታ አራት ናቸው አሉ፤ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት።

«ውሃ ራሱ እኮ ከሁለት አየር የተሰራ ነው፣ የኔታ። አንዱ አየር ይነዳል፣ ሌላው ያነዳል።»

መሪጌታ ትንሽ አሰቡ። «አንዱ የሚነድ፣ አንዱ የሚያነድ። ሲገናኙ ግን እሳት የሚያጠፉ። ይሄማ የባልና የሚስት ነገር ነው።»

ገበሬው ሳቀ። አበጀ አልሳቀም፤ እሱ አፉን ከፍቶ ቀጣዩን ነው የሚጠብቀው። ቀጣዩ መጣ።

«ግዙፍ ነገር አይፈጠርም፣ አይጠፋምም» አለ ይሁኔ።

አሁን የመሪጌታ አገጭ ተነሳ። «አይፈጠርም? ስድስቱን ቀን ታዲያ እግዚአብሔር ምን ሲሰራ ዋለ?»

ይሁኔ ላቡ መጣ። «ከተፈጠረ ወዲህ ማለቴ ነው፣ የኔታ። አንዴ ከተፈጠረ ወዲያ አይጠፋም፤ ቦታውንና መልኩን ይቀይራል እንጂ።»

«እንዲያ በል።»

አበጀ ያን ቀን ወደ ቤቱ የሄደው በእግሩ መሆኑንም እንጃ። ዕድሜ ልኩን ነገር ሲጠፋበት የኖረ ሰው ነው። ማጭድ ጠፍቶበታል፣ ዶሮ ጠፍታበታለች፣ አንድ ጊዜ ወይፈን ከነገመዱ ጠፍቶበታል። እስከዛሬ «እሱ ያመጣው ነው» እያለ ሲተወው ኖሯል። ለካ የጠፋ ነገር የለም። ሁሉም የሆነ ቦታ አለ። ይሄን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ ሲፈልግ ባደረ። እንግዲህ የቀረው መመዘን ነበር፣ በመጣው አርብ ሙክቱን ጎትቶ ገበያ ወጣ።

ታኅሣሥ ላይ ገብሱ ተወቃ። በዚያ አገር አውድማ ላይ ምርት ሲሰፈር አይወራም። ሰፋሪው ቁናውን ይሞላል፣ ይገለብጣል፣ በልቡ ይቆጥራል፤ ቁጥሩን ጮክ ብሎ የጠራ በረከቱን አብሮ ጠርቶ ለሌላ ሰጠ ይባላል። አበጀ ግን ሦስት አጣና አቁሞ ሚዛኑን ሰቀለ፣ ስልቻውን አንጠለጠለ፣ «ሃምሳ» ብሎ ሲጮህ ወፎቹ ከክምሩ ተነሱ። ስምንት ጊዜ ጮኸ። የስልቻውን ክብደት እንኳ አልረሳም፣ አስቀድሞ ቀንሷል። በዋዜማው ያለ ወቅቱ ካፊያ ጥሎ ነበር፣ ሰማዩም ገና እንደከበደ ስለነበር እየሮጡ ጎተራ ውስጥ ከተቱት። ታንጉ አፉን በእበት መረገችው። አበጀ በከሰል ጎተራው ሆድ ላይ «400» ብሎ ጻፈ። መጻፉም ደስ ብሎታል።

«ይሄ ለዘርና ለክረምት ነው» አለ። «እስከ ዳግም ትንሣኤ ማንም እንዳይነካው። ያለፈውን ዓመት ገብስ እንበላለን።»

ከዚያው ክምር ላይ አሥር ኪሎ አስቀርቶ ለአስተማሪው ወሰደለት። በላምባ ጣሳ ሞልቶ፣ አይጥ እንዳይገባው ክዳኑን ዙሪያውን በሰም ደፍኖ። «ልክ አሥር ነው፣ መምህር። ጣሳው ለብቻው አንድ ኪሎ ይመዝናል።» ይሁኔ በቀለብ ሰው ቤት የሚበላ ልጅ ነው፣ ምን ሊያደርገው፤ አልጋው ሥር ከቶ ረሳው።

ጥር ላይ አንድ እሑድ ይሁኔ ማንቆርቆሪያ ጥዶ ውሃ እንዴት እንፋሎት እንደሚሆንና እንደሚተን አስተማረ። አበጀ ያን ቀን አልነበረም። ሰው ቤት እየዞረ ይመዝን ነበር። የጎረቤቱን የይታይሽን ሕፃን በአንቀልባ አንጠልጥሎ «አምስት ኪሎ» ሲል እናትየዋ «ልጄን ሥጋ አደረግኸው?» ብላ በምራን ጠፍር እየገረፈች እስከ በሩ ሸኝታዋለች።

ፋሲካ መጣ፣ ሽሮው ተበላ፣ ዳግም ትንሣኤም አለፈ። ሰኞ ጠዋት አበጀ ጎተራውን ከፍቶ መዘነ። ሰባት ጊዜ ሃምሳ አለች ቀስቷ። በስምንተኛው አሥራ አራት ላይ ቆመች። አጣናውን አስተካክሎ፣ እጁን አብሶ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ መዘነ። ሦስት መቶ ስልሳ አራት።

ታንጉ ደጅ ላይ ሽንብራ ታበጥራለች።

«ታንጉ፣ ሠላሳ ስድስት ኪሎ የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ። ጓደኛህን ጠይቀው» አለች፣ ሚዛኑን በአገጯ እያሳየች።

«የጎተራው አፍ እንደገና ተመርጓል። እበቱ አዲስ ነው።»

«በሁዳዴ አይጥ ቦደሰው፣ መረግሁት። ከነአይጡ ብተወው ይሻል ነበር?»

«ሠላሳ ስድስት ኪሎ የሚበላ አይጥ አይደለም። ጅብ ነው።»

«እና እኔ ምንድን ነኝ?»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አበጀ ግን ትምህርት ገብቶታል። «ነገር አይጠፋም፣ ታንጉ» አላት፣ በዝግታ፣ እንደሚያስተምር ሰው። «ቦታ ነው የሚቀይር።»

ታንጉ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንተ ስትለው ኖራለች፤ አንቱ የምትለው ስትቆጣ ብቻ ነው፣ ያውም በጣም ስትቆጣ።

«ደግ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «እኔም ቦታ እቀይራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎተራዎን ስሞላ ኖሬ ሌባ አሉኝ። እሑድ ሽማግሌ ይቀመጥ። ሌባ ከሆንኩ ባዶ እጄን ከቤትዎ እወጣለሁ። ካልሆንኩ ግማሼን ይዤ እወጣለሁ።»

አበጀ ይሄንንም ሊያሰላ ሞከረ። በየትኛውም በኩል ቢያሰላው ታንጉ ትወጣለች።

ማታ እራት ቀረበለት፤ እሷ ግን አብራው አልበላችም። በማግስቱም እንዲሁ። ረቡዕ ቀን የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ጠብቆ አስተማሪው ዘንድ ሄደ።

«ስልቻውን ቀንሰዋል?» አለው ይሁኔ።

«ቀንሻለሁ።»

«ባዶውን ቀስቷ ዜሮ ላይ ናት?»

«ዜሮ ላይ ናት።»

ይሁኔ ነገሩ እንደተገለጠለት ሰው አገጩን ያዘ። «እንግዲህ፣ አያ አበጀ፣ ጥሩ አድርገው ነው የመዘኑት። ነገር አይጠፋም። የሆነ ቦታ ሄዷል ማለት ነው።»

«መምህር፣ ትንሽ እንኳ አይጠፋም?»

«አይጠፋም።»

«ለባለትዳር እንኳ?»

«ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው» አለ ይሁኔ። ሚስት አላገባም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ጥዱ ሥር ሦስት ሽማግሌ ተቀመጠ። መሐል ላይ መሪጌታ ቀለመወርቅ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የሰፈር ሰዎች፤ አንደኛው አያ ኃይለ ሚካኤል የታንጉ አጎት ናቸው፣ ሌላው ደግሞ ጆሯቸው ከበድ ይላል። አበጀ ሚዛኑን ተሸክሞ መጣ። እንደ ምስክር።

ቁጥሮቹን ተናገረ። አራት መቶ፣ ሦስት መቶ ስልሳ አራት፣ ሠላሳ ስድስት። ሲናገራቸው ድምፁ እየደከመ መጣ፣ ምክንያቱም ታንጉ ነጠላዋን አደግድጋ ከፊቱ ቆማለች፣ እሱን ግን አታየውም፤ ጥዱን ነው የምታየው።

«አንቺስ?» አሏት መሪጌታ።

«እኔ ቁጥር አላውቅም፣ የኔታ። ገብስ ግን አውቃለሁ። በታኅሣሥ ጎተራ ስንከተው አንዷን ፍሬ ብነክሳት እንደ እሸት ለመጥ አለችልኝ። አሁን ከዚያው ጎተራ ብነክስ ጥርሴን ሊያወልቀው ነው። ከውስጡ የሄደ ነገርማ አለ። እኔ ግን አልወሰድኩትም።»

«ጥርስ ሚዛን አይደለም» አለ አበጀ። ካለው በኋላ ምነው ባላልኩ አለ።

ይሄኔ ይሁኔ ከኋላ እጁን አወጣ፣ ልክ እንደ ተማሪዎቹ። «የኔታ፣ ከዚያው ክምር አሥር ኪሎ እኔ ቤት አለ። ሳይከፈት እስካሁን ተቀምጧል። እሱ ሊመሰክር ይችላል።»

ሮጦ ሄዶ የላምባ ጣሳውን አመጣ። ሰሙ እንዳለ ነው። ጥዱ ላይ ሚዛኑን ሰቅለው ጣሳውን አንጠለጠሉት። ቀስቷ አሥራ አንድ ላይ ቆመች። ጣሳው አንድ፣ ገብሱ አሥር።

«ልክ እንደሰጠሁት ነው» አለ አበጀ።

«አልሰማሁም» አሉ ጆሯቸው የሚከብደው።

«ያስተማሪው ገብስ አልቀነሰም» ብለው አያ ኃይለ ሚካኤል በጆሯቸው ጮኹባቸው።

«እንዲያ ከሆነማ» አሉ ሽማግሌው፣ «ያልተሰረቀ ገብስ አይቀንስም ማለት ነው።»

አበጀ ሚስቱን ከቤቱ የሚያስወጣለት ማስረጃ ሲገኝ የመጀመሪያ ጊዜው ነው፤ ደስ ሊለው ሲገባ ደስ አላለውም። ሳይንስ አሸንፎለታል። ምነው በተሸነፈ።

«ክፈቱት» አለች ታንጉ።

ሰሙን በቢላ ዞሩት። ክዳኑ ሲነሳ የተቀመጡት ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ፤ የሻገተ ሽታ ነው የወጣው። የክዳኑ ሥር ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ይዟል፣ የገብሱም አናት ሰማያዊ ሻጋታ ለብሷል። ታንጉ እጇን ሰዳ ከሥር አንድ ፍሬ አወጣች፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫነቻት። ጥፍሯ ጥልቅ አለ።

«የታኅሣሡ ገብስ ይሄ ነው» አለች። «ያኔም እንዲህ ነበር። አሁን ፀሐይ ስጡት። እኔ አልነካውም፣ እናንተው ጠብቁት።»

አበጀ ዞሮ አስተማሪውን አየው። ይሁኔ ክዳኑን ይዞ የውሃውን ጠብታ እያየ ፊቱ ቀልቷል። በጥር ወር የጣደውን ማንቆርቆሪያ ያስታወሰው አሁን ነው።

ቁርበት ተነጠፈ፣ ገብሱ ስስ ተደርጎ ተሰጣ። የሚያዝያ ፀሐይ ነው፣ ራስ ይበሳል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ተቀመጡ፣ ማንም እጁን ወደ ቁርበቱ እንዳይሰድ ተባለ። አንዲት ዶሮ ቀረብ ስትል መሪጌታ በመቋሚያቸው አባረሯት። ጆሯቸው የሚከብደው እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ቀሰቀሷቸው፣ «አልተኛሁም፣ እየጠበቅሁ ነው» አሉ። ታንጉ ከሩቅ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ አበጀ ሁለት ጊዜ ውሃ ወሰደላት፣ ሁለቱንም ጊዜ «ይጠጡት፣ ጌታዬ» አለችው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብሱን አፈሱት፣ ቁርበቱን አራግፈው የመጨረሻዋን ፍሬ ሳይቀር ጣሳው ውስጥ ከተቱ። ሰቀሉት። ቀስቷ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ አሥር ላይ ቆመች። ጣሳው አንድ፣ ገብሱ ዘጠኝ።

መሪጌታ ተነስተው ቀስቷን በቅርብ አዩዋት። ከዚያ ባልንጀሮቻቸውን አዩ። «ሦስት ሽማግሌ ዙሪያውን ተቀምጠን አንድ ኪሎ ተሰረቅን» አሉ። «አበጀ፣ አንተ ነገሩን ታውቀዋለህ። ከሦስታችን ማን ነው?»

አበጀ ባዶውን ቁርበት አገላበጠ።

«ውሃው ነው፣ የኔታ» አለ ይሁኔ፣ መሬት መሬት እያየ። «ገብሱ ውስጥ ውሃ ነበረ። ጣሳው ድፍን ስለሆነ መውጫ አጥቶ እዚያው ቀረ። ጎተራው ግን ይተነፍሳል። አራት ወር ሙሉ ቀስ እያለ ተነነ። አልጠፋም፣ ነፋስ ውስጥ ገብቷል።»

«ነፋስ ውስጥ። እንዴት ሆኖ?»

«እንደ...» ልጁ ሌላ ቃል ፈልጎ አጣ። «እንደ ረቂቅ ሆኖ።»

«እንዲያ በል» አሉ መሪጌታ፣ ተመልሰውም ተመቻችተው ተቀመጡ። ስንት ወር የጠበቁት ቃል ነው።

ይሁኔ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ጎንበስ ብሎ በጣቱ አፈሩ ላይ ሒሳብ ጻፈ። «ከአሥሩ አንድ ከሄደ፣ ከአራት መቶው አርባ መሄድ ነበረበት። የሄደው ግን ሠላሳ ስድስት ነው። አራት ኪሎ ይተርፋል።»

አበጀ ምላሱን መያዝ ነበረበት። ግን የሚያስጠይቅ ነገር ነው። «አራቱ ታዲያ ከየት መጣ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ታንጉ ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየችው።

«እኔ ነኛ የጨመርኩት» አለች። «ስሰርቅ ተሳስቼ።»

አያ ኃይለ ሚካኤል ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። መሪጌታ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ፈረዱ። «ንጹሕ ሰው ሌባ ብለሃል። ድንጋይ ተሸክመህ፣ አንገትህን ደፍተህ፣ እግሯ ላይ ወድቀህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ይቅር ካለች ይዘሃት ትገባለህ። ካላለች ግማሿን ይዛ መሄድ መብቷ ነው።»

የአገሩ ወግ ነው፤ ድንጋዩም ለወጉ ያህል ነው፣ ጡብ የሚያህል ማንም ይሸከማል። አንዱ ሽማግሌ እንዲያ ያለ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ታንጉ «ቆዩ» አለች። «ስንት ኪሎ ነው?»

«ድንጋይ በኪሎ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

«እኔ ሌባ የተባልኩት በኪሎ ነው።»

መሪጌታ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ሚዛኑም እዚሁ አለ።»

ድንጋይ በገመድ እያሰሩ መንጠቆው ላይ ይሰቅሉ ጀመር። አንዱ አሥራ ሁለት ሆነ፣ አንዱ ሃያ ዘጠኝ። የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ ከአጥሩ ሥር አገኙ፣ እሱ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ለአስተማሪው መዶሻ ሰጡትና ጥግ ጥጉን እያነሳ፣ እየተመዘነ፣ ሠላሳ ስድስት ላይ አደረሰው። ላቡን ጠርጎ ቀና ሲል ደግሞ «በሒሳቡ ከሄድን እንኳ አርባ ነው የሚሆነው» አለ። አበጀ እንዲህ ባለ ክፉ ዓይን ሰው አይቶ አያውቅም።

«አራቱን ምሬያለሁ» አለች ታንጉ።

ከጥዱ እስከ ግንቡ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነው። ሁለት ሰው አንስተው ጫንቃው ላይ ጫኑለት። አበጀ ሠላሳ ስድስትን ጽፎታል፣ ጠርቶታል፣ በእሱም ሰው ከሷል፤ ምን ያህል እንደሆነ ያወቀው ግን አሥረኛው እርምጃ ላይ ነው። በሃያኛው ላይ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አመቻቸ። ያን ሁሉ ገብስ ታንጉ በእጇ ከጎተራ አውጥታ የምትሸሽግበትን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበው። የት? በምን ጀርባዋ? ይሄን ሰኞ ዕለት ማሰብ ይቻል ነበር።

እግሯ አጠገብ ተንበረከከ። «ታንጉ፣ በድያለሁ። ይቅር በይኝ።»

ድንጋዩ አንገቱን ወደታች ይጫነዋል፣ የሚያየው ጣቶቿን ብቻ ነው። ጣቶቿ አልተንቀሳቀሱም። ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፣ ወደቀ፣ አፈሩ ጠጣው። ትሄዳለች ብሎ ልቡ ቆረጠ።

«የኔታ» አለች፣ ከራሱ በላይ። «ትንሽ ፀሐይ ላይ ብናቆየው ድንጋዩ ይቀልለት ይሆን?»

«ድንጋይ ውሃ የለውም» አለ አስተማሪው ከኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እንግዲያ ከንቱ ነው። አንተ፣ ጣለው በቃ። ወገብህን ታመህ እርሻውን ማን ሊያርስልኝ ነው?»

አበጀ ድንጋዩን ለቀቀው። የሰማው ግን ሌላውን አይደለም፣ አንተ ያለችውን ነው። እዚያው እንደተንበረከከ እግሯን ሳመ፣ እሷም «ተነስ፣ ሰው ያያል» አለችው፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ወደ ቤት ሲነሱ እጁን ወደ ጥዱ ሰደደ። ከልማድ ነው።

«ተወው» አለች ታንጉ፣ ሳትዞር።

«በሙክት እኮ ነው የለወጥኩት።»

«አውቃለሁ። ሽሮውን የበላሁት እኔ ነኝ። ለመምህሩ ተውለት፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት ይመዝንበት።»